ማድረቂያው ውስጥ የቀለጠው ሰም

ጥገና ቤት የተቀጠርኩ ዕለት ዕቃ እንኳ ሳልረከብ ለሥራ ወጣሁ። አለቃዬ ጋሽ ቶሎሳ የመፍቻ ቦርሳቸውን አሸክመውኝ ከጉርድ ሾላ ወደ የካ ሚካኤል ሽቅብ ተያያዝነው። ዘመኑ የደርግ ነው። የጠሩን የአንድ የፓርቲ ባለሥልጣን ባለቤት ናቸው። ሰውየው ከውጭ አገር ትምህርት ሲመለሱ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ይዘው መጥተዋል። እኔ እስከዚያ ቀን ልብስ የሚያደርቀው ፀሐይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወይዘሮዋ ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ይቺ ሠራተኛ ጉድ ሠራችኝ!» አሉ። ማድረቂያው ውስጥ ሰም ቀልጦ ነጭ አንሶላው ሁሉ ተዥጎርጉሯል። ሠራተኛዋ አስካለ ልብሷን ቋጥራ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ማሽኑ እስኪታይ ነው የቆየችው እንጂ ተባራለች። ዓይኗ አብጦ ሳየው አንጀቴን በላችው።

ጋሽ ቶሎሳ ስለ ሰው አልጠየቁም። ማሽኑን ባዶውን ጥቂት አስኬዱትና ሰሙ ሲለሰልስ ከኤሌክትሪክ ነቀሉት።

«ቢላ እንዳታነሳ፣ ይቧጭረዋል። ቤንዚንም እንዳታስጠጋ፣ ቤቱን ታነደዋለህ» አሉኝ።

በእንጨት ማንኪያ ፋቅኩ፣ ሙቅ የሳሙና ውኃ በነካ ጨርቅ ወለወልኩ። ከአንዱ ቀዳዳ የጠቆረ ክር መዘዝኩ። ጋሽ ቶሎሳ አሸተቱትና «ጧፍ ነው» አሉ።

«አላልኩም ነበር? ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እሷ ናት!» አሉ ወይዘሮዋ።

«እትዬ፣ የእኔን ልብስ መቼ ማሽን ነክቶት ያውቃል?» አለች አስካለ። «ጓሮ በእጄ አይደል የማጥበው?»

አፌ አላርፍ አለኝ። «ታዲያ የገባው የማን ልብስ ነው?» ስል ጋሽ ቶሎሳ እግሬን ረገጡኝ።

ወይዘሮዋ ከማድረቂያው ከወጣው የልብስ ክምር ውስጥ የባላቸውን ካኪ ኮት አነሱ። ኪሱ በሰም ጠጥሮ አልገለበጥ አለ። ያኔ ባለሥልጣን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከታየ እንጀራው ይዘጋ ነበር።

ሰውየው ለምሳ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ኮቱን አዩ፣ እኛን አዩ። ወይዘሮዋ ረጋ ብለው፣ «በጠዋት የምትሄድበት ስብሰባ ላይ መብራት ይጠፋል እንዴ?» አሏቸው።

እኔ የወለወልኩትን መልሼ ወለወልኩ።

«አስካለ፣» አሉ ሰውየው በመጨረሻ፣ «ዕቃሽን አስገቢና ምሳ አቅርቢ። ለእነሱም ጭምር።»

ወይዘሮዋ ይቅርታ አልጠየቋትም። አስካለ ግን ቋጠሮዋን ይዛ ገባች። እኛም አሮጌ ጨርቅ ከተን ማሽኑን አስኬድነው፤ የቀረውን ሰም ጨርቁ መጠጠው። ምሳው ጥሩ ነበር።

ቁልቁል ስንወርድ ጋሽ ቶሎሳ፣ «ምን አየህ?» አሉኝ።

«ሰም።»

«የማን?»

«የማሽኑ።»

«ሥራውን ትለምደዋለህ» አሉ።

ባልደረቦቼ፣ ሰም የቀለጠበት ማድረቂያ ልትጠግኑ ስትጠሩ፣ ከመፋቃችሁ በፊት ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ። ቀጥሎ የማን ልብስ ገብቶ እንደነበር ጠይቁ። ሠራተኛ የምትባረረው ይህን የሚጠይቅ ሲጠፋ ነው።