ክፍት የቆየው ጠርሙስ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ጥርጣሬዬ ባሰበት። ታናሽ እህቴ፣ ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀርቶ አዘዞ ላይ ጋራዥ ከከፈተ ጣሊያን ቤት መግባቷን ስሰማ፣ አንድ ነገር ቢያጠጣት ነው እንጂ በጤናዋ አይደለም አልኩ። አባታችንን የገደለው የእነሱ ጥይት ነው። እናቴ ግን ክፉ ቃል አልወጣትም። እህቴ የምትተኛበትን ቁርበት መደቡ ላይ እንደተነጠፈ ትታ፣ ሂድና አምጣት ብላ ከኮሶዬ ላከችኝ።

የደረስኩት በምሳ ሰዓት ነው። ሰውየው መምጣቴን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ እጁን እየጠረገ ተቀበለኝ። ጠረጴዛው ላይ የበግ ጥብስና ሆዱ በሳር የተጠቀለለ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቀርቧል። ጠርሙሱ ተከፍቷል፤ ቡሹ አጠገቡ ተቀምጧል። እኔ ሳልመጣ ለምን ተከፈተ? ዓይኔን ከዚያ ቡሽ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ጠየቅሁት። በተሰባበረ አማርኛ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ኪያንቲ ይባላል፤ በትውልድ አውራጃው በቶስካና ገበሬው በየምሳው የሚጠጣው ተራ ወይን ነው። እንደተከፈተ ይጎመዝዛል፤ ጥቂት አየር ሲያገኝ ይለዝባል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ይከፈታል። በባዶ ሆድም አይጠጣም፣ ጮማ ይፈልጋል። የሰሜኖቹ ወይን ሌላ፣ የደሴቶቹም ሌላ ነው፤ ሁሉም የራሱን ከራሱ ምግብ ጋር ይወዳል። ይህስ እውነት ይመስላል፤ የጭልጋ ጠላና የእኛ ጠላ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ግን ውሸታምም ነገሩን የሚጀምረው እውነት ከሚመስል ነገር ነው።

ቀዳልኝ። ብርጭቆውን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ሰውየው ምን እንዳጠፋ አልገባውም። እህቴ ግን ገባት። ብርጭቆዬን አንስታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ጠጣችው፤ በአገራችን ጋባዥ ለእንግዳው እንደሚያደርገው። ፊቷን ትክ ብዬ አየሁት። ምንም አልሆነም።

«ጠጣ፣ አያ» አለችኝ።

ጠጣሁ። መጀመሪያ ምላሴን ያዝ አደረገኝ፤ ጥብሱን ስጎርስበት ግን ጣፈጠኝ። መጣፈጡም አናደደኝ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሴው ቀዳሁ። ተነሽ እንሂድ ልላት የመጣሁትን ቃል ሳልናገረው ወጣሁ።

እናቴ ብቻዬን መመለሴን ስታይ በር ላይ ቆመች። የሆነውን ነገርኳት፤ የጠርሙሱን ክፍት መቆየትም፣ መጠጣቴንም።

«ማን ቀመሰልህ?» አለች።

«እሷ ናት።»

ለእንግዳ የሚቀምስ የቤቱ ባለቤት መሆኑን ለእናቴ የሚነግራት አያስፈልግም።

«እንግዲያ ቤቷ ነዋ» አለችና ወደ መደቡ ሄዳ፣ እያለቀሰች ቁርበቱን ጠቀለለችው።