አባቴ ሲስተሯን በቡጢ የመታ ዕለት

አባቴ ሰው ሲመታ አይቼ አላውቅም ነበር። ጣና ዳር ከደንገል ታንኳ እየሠራ ያሳደገን፣ ሲናደድ እንኳ ዝም ብሎ ወደ ውኃው የሚያይ ሰው ነው። ታዲያ የመጀመሪያውን ቡጢ ያየሁት የት ይመስላችኋል? ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ። የመታውም የምታስታምመውን ነርስ!

ሳንባው ታምሞ፣ በአፉ ቱቦ ገብቶለት፣ ማሽን እየተነፈሰለት አራት ቀን አንቀላፍቶ ነበር። በአምስተኛው ቀን የሚያስተኛውን መድኃኒት ቀነሱለት። በቀን የሚፈቀደው አንድ ጠያቂ ብቻ ነው፤ እሱም ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ሰዓት። እናቴ ያንን ቱቦ ማየት ስለማትችል የምገባው እኔ ነበርሁ።

ጋውኑን ለብሼ ሳልጨርስ ጩኸት ሰማሁ። አባቴ ዐይኑ ፈጥጦ የግሉኮሱን ማንጠልጠያ በእግሩ ረግጦ ጥሎታል። ከአልጋው ጋር በፋሻ የታሰሩት እጆቹ ተፈተዋል። ቱቦውን ጨበጠና መዥረጥ! ደም በአገጩ ወረደ። ሲስተሯ እጁን ልትይዝ ስትጎነበስ አፍንጫዋ ላይ በቡጢ አላት። ነጩ ማስኳ ወዲያው ቀላ። እኔ "አባዬ!" ብዬ ስሮጥ ሻርፔን ከነፀጉሬ ጨምድዶ ጎተተኝና ግንባሬ ከአልጋው ብረት ጋር ተላተመ። ከዚያ ያደረግሁትን አልደብቅም፤ አባቴን በጥፊ መታሁት። ጧ! ሁለት ወንድ ነርሶች ተረባርበው ያዙት፣ ሐኪሙ መርፌ ወጋው፣ ቱቦው በስንት መከራ ተመለሰ።

ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ "ዛሬ ተርፈዋል" አለኝ። "ጉሮሯቸው ግን አብጧል። ደግመው ከነቀሉት መልሰን ማስገባት ላንችል እንችላለን።" ወደ ነርሶቹ ዞረና "ድርብ አድርጋችሁ እሰሩ!" አለ።

ሲስተሯ አፍንጫዋን በጥጥ ወትፋ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?"

"ታንኳ ይሠራል። ደንገል ሲያስር ነው የሚውል።"

"በይ እንግዲህ!" ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ አመማትና አፍንጫዋን ያዘች። "እኛ ደግሞ እኚህን ሰውዬ በፋሻ እናስራለን! ጠዋትም ሁለቴ ፈተውብኛል እኮ።"

"በጣም ይቅርታ ሲስተር፣ እሱ እንዲህ አይደለም።"

"አውቃለሁ። እስቲ አንቺ ንቂ፤ እጅሽ ታስሮ፣ ጉሮሮሽ ውስጥ ነገር ተሰክቶ፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ከበውሽ። ምን ታደርጊያለሽ?"

"እነክሳለሁ" አልሁ።

"እንግዲያውስ አባትሽ አዝነውልኛል ማለት ነው።"

በማግሥቱ ስገባ አባቴ ነቅቷል። አልጋው በትግሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድርቡ ፋሻ የእጁን አንጓ ልጦታል። "ዛሬ አንቺ አናግሪያቸው" አለችኝ ሲስተሯ። ጠጋ ብዬ "አባዬ፣ አይዞህ፣ ምንም የለም" አልሁት። በጉልበቱ ጎኔን መታኝና ወደ ኋላ ተንገዳገድሁ።

ሲስተሯ ደግፋ ያዘችኝ። "ምንም የለም አትበያቸው። ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ አለ፤ ውሸታም ነሽ። ያለውን ንገሪያቸው።"

ያለውን ነገርሁት። "አባዬ፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል ነህ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ሳንባህ ታሟል። አፍህ ውስጥ ያለው ቱቦ ነው፤ የምትተነፍሰው በእሱ ነው። ከነቀልኸው ትሞታለህ። መናገር ያቃተህ በእሱ ምክንያት ነው እንጂ ድምፅህ አልጠፋም። የያዙህ ሽፍቶች አይደሉም፤ ያሰሩህ ነርሶቹ ናቸው። ይቺን ሲስተር አፍንጫዋን አድምተሃታል። እኔም በጥፊ መትቼሃለሁ።" የመጨረሻዋን ማንም በይ አላለኝም።

መታገሉን ተወ። ዐይኑ እኔ ላይ ቆመ።

"አባባ፣ እጅዎን የነካሁት እኔ ነኝ" አለች ሲስተሯ። "አሁን ቀኝ እጅዎን ልፈታ ነው።"

ሐኪሙ ከበሩ "ሲስተር፣ አብደሻል?" ሲል ጮኸ።

"አጠገባቸው ነኝ ዶክተር" አለችና ፈታችው።

እጁ ቀጥ ብሎ ወደ አፉ ሄደ። አንዱ ነርስ ሲወረወር እሷ በክርኗ ደረቱን መትታ አቆመችው። የአባቴ ጣቶች ቱቦውን ያዙ። ግን አልጎተቱትም። ዳበሱት፣ በጉንጩ በኩል ዞሩ፣ ቱቦውን ከአንገቱ ጋር የያዘውን ክር አገኙ። ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገውና የተበላሸ ሥራ ሲያይ እንደሚያደርገው ፊቱን አኮሳተረ። ከዚያ የአልጋውን ብረት በቡጢ ነረተው። ድው! ድው! ጣቱን ወደ ቋጠሮው፣ ቀጥሎ ወደ ሲስተሯ ቀሰረ።

"ምን እያሉ ነው?"

"ላልቷል፣ አጥብቂው እያለ ነው" አልሁ፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ አመለጡኝ።

"እሺ ጌታዬ!" ባልደረባዋ ቱቦውን ይዞላት ፈትታ አሰረችው። አባቴ በጣቱ ሞክሮ ብረቱን ነረተ። እንደገና አሰረች። እንደገና ነረተ። በሦስተኛው እጁን ራሱ መልሶ ደረቱ ላይ አኖረው።

ሐኪሙ ከበሩ ወደ አልጋው ጠጋ አለ።

"ግራውንም ፍቺላቸው" አለ።

ከአራት ቀን በኋላ ሳንባው ሲበረታ ቱቦውን ያወጣው ሐኪሙ ነው። አባቴ እስከዚያ ድረስ አልነካውም።