ያልተሸፈነው ታርጋ

በቤታችን መኪና ውስጥ የእኔ ቦታ ከኋላ፣ ከጤፍ ናሙና ከረጢቶች ጎን ነው። ከፊት እናቴ ትቀመጣለች፤ መሪውን እህቴ ትይዛለች። መኪናዋ ትንሽ፣ ነጭ፣ አሮጌ ናት። እናቴ በእህል ንግዷ ስላፈራቻት ሊብሬዋ በእናቴ ስም ነው፤ እናቴ ግን መሪ ነክታ አታውቅም። ሞተሩ ሲነሣ ታማትባለች፣ ጉድጓድ ሲመጣ የበሩን እጀታ ጨብጣ እህቴን ትቆጣለች፣ ስንደርስ «ተመስገን» ትላለች። ባለመኪናነቷ እዚህ ላይ ያበቃል።

እህቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ደብረ ማርቆስ ሌላ ሴት ልጅ የሌላት ይመስል ነበር። ገበያ ስንሄድ የባጃጅ ሾፌሮች አንገታቸውን አውጥተው ያዩዋታል። የእናቴ ደንበኞች «ያች የምትነዳዋ ልጅሽ እንዴት ናት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የማትነዳዋን ማን ይጠይቅ። በቁመት እኮ እበልጣታለሁ። እሷ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስባ፣ ከጀርባዋ ትራስ ደግፋ ነው እግሯ ፍሬን ላይ የሚደርሰው። አስተምሪኝ ብዬ ስለምናት ግን «ዕድሜሽ ሲደርስ» ትለኛለች፤ እሷ ራሷ ትናንት የደረሰች።

የእኔ ቅናት የሚጀምረው ከጆሮዬ ነው። ጠዋት ቁልፉ እጇ ላይ ሲንቃጨል እሰማና ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሥቶ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ አይቀመጥም።

ባለፈው ጥር የጎረቤታችን ልጅ ሲያገባ እናቴ መኪናዋን ሰጠች። በእኛ ሰፈር መኪና ያለው ሰው ለሰርግ እስኪጠየቅ አይጠብቅም፤ ራሱ ሄዶ «የእኔም ትጨመር» ይላል። እናቴም ከነሾፌሯ ጨመረቻት፤ እህቴ ሴት ሚዜዎቹን እንድታመላልስ ተመደበች። ጸጉሯን ተሠርታ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ቁልፉን በጣቷ እያሽከረከረች ወጣች። እኔ ሪባን ያዥ ሆንኩ። ኮፈኑ ላይ ሪባኑን ወጥሬ ስይዝላት ከሚዜዎቹ ጋር አጣብቃ እንደምትጭነኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። ቦታ እንደሌለ፣ አዳራሹም ቅርብ ስለሆነ ከእናቴ ጋር በእግሬ እንድመጣ ነገረችኝ። ሪባኑን ያሰርኩት እኔ፣ በሪባኑ የምትሄደው እሷ።

የሌሎቹን መኪኖች የያዙት የሙሽራው ጓደኞች ነበሩ። ታርጋቸውን ከፊትም ከኋላም «ሙሽሮች» በሚል ጽሑፍና በአበባ ሸፈኑ። ሰርግ ላይ እንዲህ የማያደርግ የለም። ለእህቴም ጽሑፉን አመጡላት። እሷ ታርጋ መሸፈን ክልክል ነው ብላ አሻፈረኝ አለች፤ የመንጃ ፈቃድ መጽሐፉን እንደ ዳዊት ደግማው የወጣችበት ትኩሳት ገና አልበረደላትም ነበር።

«ኧረ ይችን ትራፊክ ፖሊስ ማን ጠራት?» አለ አንደኛው ሚዜ።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። ባዶ ታርጋዋ ቪዲዮውን እንዳያበላሽ ተብሎ ከአጀቡ ጭራ እንድትሆን ተደረገ። ያን ቀን ከእህቴ ላይ የወደድኩት ነገር ቢኖር ይኸው ጭራ መሆኗን ነው።

አዳራሹ በር ላይ ቦታ ስለጠፋ አጀቡ አጠገቡ ወዳለው፣ በቆርቆሮ ወደታጠረው የግል መኪና ማቆሚያ ታጠፈ። በሩ ላይ ሳይከፍል የወጣ መኪና ቅጣቱ ባለንብረቱን እንደሚከተል በትልቁ ተጽፏል። በሰርግ ቀን ማን ያነበዋል። ሁሉም እየዘፈኑ ገቡ፤ ሲወጡም ክላክስ እያስጮኹ፣ ሚዜዎቹ በመስኮት እስከ ወገባቸው ወጥተው እየጨፈሩ ወጡ። ጥበቃው በሩን ሊዘጋ አልደፈረም። ሙሽራ ፊት በር የሚዘጋ ሰው በእኛ አገር ገና አልተወለደም። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ከእናቴ ጎን ቆሜ፣ አቧራቸውን እየጠጣሁ ነው።

ሰርጉ አልፎ ጥቂት እንደቆየን ያው ጥበቃ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ እናቴ እህል መደብር መጣ። የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጁ አቀበላትና ይቅርታ እየጠየቀ ወጣ። እናቴ እጇ ዱቄት ስለነበር «እስቲ አንብቢው» አለችኝ። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ለራሴ ብዬ ነው።

ወረቀቱ ለመኪናዋ ባለንብረት ይልና የእናቴን ስም ከነአያቷ ይጠራል። በሰርጉ ቀን ሳይከፈል ከማቆሚያው መወጣቱን ይናገራል። የሚጠይቀው ግን የአንድ መኪና አልነበረም፤ የአጀቡን ሁሉ ከነቅጣቱ ነበር። ጥበቃው ሊያነበው የቻለው ታርጋ የእኛ ብቻ፣ የቀሩት ሁሉ «ሙሽሮች»! ታርጋዋን ጠርተው በከተማው ቢጠይቁ ደግሞ የማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ ባለንብረቷ በዕለቱ ያሽከረከረውን ሰው ካላሳወቁ ተጠያቂዋ ራሳቸው ይሆናሉ።

እቺን መስመር ሳነብ ልቤ ጮቤ ረገጠ። መሪ ነክታ የማታውቀው እናቴ መጠየቋ አንጀቴን በላኝ፤ እውነት ነው። ነገር ግን መውጫው እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የእህቴን ስም መናገር ነው። አንድ ስም! ዓመቱን ሙሉ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ጤፍ ገዢውም ሲያሞግሰው የከረመው ስም።

ማታ እናቴ እህቴን ቁልፉን አምጪ አለቻት። ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። በዕድሜዋ በስሟ የክስ ወረቀት መጥቶባት እንደማያውቅ፣ ጣጣው በሰላም ካላለቀ መኪናዋን ሽጪ እያለ ሲወተውታት ለከረመው ደላላ እንደምትሰጣት ተናገረች። እህቴ አላለቀሰችም፤ ባዶ መዳፏን ብቻ ታይ ነበር። ስትወጣ ከፍላ ልትሄድ ቆማ እንደነበር፣ ጥበቃው ራሱ ሂጂ እንዳላት ነገረችን። እኔ አላመንኳትም፤ ማመን አልፈለግኩም ማለት ይሻላል።

ለሙሽራው ቤተሰብ ንገሪያቸው ያሏት ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ አፏን ያዘች። «ለሰርግ መኪና ሰጥቼ፣ ጠላቸውን ጠጥቼ፣ አሁን ሒሳብ አምጡ ልበል? በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

በዚያ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ደስታዬን ላጣጥም ስል ደላላው ትዝ አለኝ። መኪናዋ ከተሸጠች እህቴ አትነዳም፤ ደግ። እኔስ በምን ልማር ነው? ዕድሜዬ ሲደርስ መኪናዋ ጉንደ ወይን መንገድ ላይ የሰው እህል ስትጭን ላያት ነው? የቀናሁበት ነገር ራሱ ሊጠፋ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ እናቴ መልስ ይጻፍ አለች። መጀመሪያ የጻፈችው እህቴ ናት። ከመጽሐፏ ያጠናችውን አንቀጽ በአንቀጽ ደረደረችው፤ ስታነብልን እናቴ አዛጋች። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ ብዕር ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል። «እኔ ልሞክር» አልኩ። እህቴ ሳቀች። ትሳቅ! ወረቀቱን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

ሾፌሯን ማሳወቅ አለብኝ፤ ይህን ለመጻፍ ደግሞ እንደ እኔ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። ስሟን ጻፍኩና ቆምኩ። ቀጥሎ ምን ይባላል? እሷ ጥፋተኛ ናት ብል መኪናዋ ሄደች። እንዲያውም ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር፣ የእኛ ታርጋ የተነበበው ለምን እንደሆነ ከመጻፍ ሌላ መንገድ አጣሁ። ያንን መጻፍ ማለት ደግሞ እህቴን ማሞገስ ነው። በገዛ እጄ! ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩት፤ ስጨርሰው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም አማረልኝ።

እናቴ ሳታዛጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ይኸ ይሁን» አለች፤ የእህቴን አጠፈችው።

ሦስታችንም በእግራችን ወደ ማቆሚያው ሄድን። ባለቤቱ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከበሩ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። እናቴ «ጋሼ፣ መልሴን አምጥቻለሁ» ብላ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። በዓይናቸው ጀመሩና መሐል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን አወጡት።

«በዕለቱ ያሽከረከረችው ልጄ ናት። ከአጀቡ ሁሉ ታርጋዋን ሳትሸፍን የመጣች እሷ ብቻ ናት። ሕግ ያከበረችውን ማንበብ ስለቻላችሁ፣ ያላከበሩትን ሁሉ ዕዳ በእሷ ላይ ጻፋችሁ። እሷም ሸፍና ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንን ትጠይቁ ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ መልሰው አድርገው እንደገና አነበቡት፤ ቀስ ብለው። እህቴ ስጦታ እንደተቀበለች ሙሽራ መሬት መሬት እያየች ፈገግ ትላለች። ጥበቃውን አስጠሩት። ገና ሲያያት «አንቺ ነሽ እንዴ? ልክፈል ብለሽ ቆመሽ የነበርሽው?» አለና ወደ አለቃው ዞሮ፣ ሙሽራዋ ሚዜዎቼ ቀሩ ብላ ወደ ኋላ እያየች እንዳትቆም ብሎ እሱ ራሱ እንደሸኛት ተናገረ። ማታ ሒሳቡ ሲጎድልና ሲቆጡት የሚያውቀው ታርጋ የእሷን ብቻ ስለነበር እሱኑ መስጠቱንም አልደበቀም።

ሽማግሌው ሳቁ። «እትዬ፣ የራስዎን ብቻ ይክፈሉ፤ ሌላውን ለሙሽራው ስጦታ አድርጌዋለሁ» አሉ። እናቴ የራሷን ከፈለች። እዚያው ቆማ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ቁልፉን ለእህቴ ሰጠቻት። ሲንቃጨል ሰማሁት። ሆዴ ውስጥ ያ ነገር ተነሥቶ ቆመ።

«ይህን የጻፈው ጠበቃ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ታናሺቱ ናት» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነበረበት።

ቀና ብለው አዩኝና «ጎበዝ» አሉኝ። እኔ ገና «ጎበዝ»ን ውጬ ሳልጨርስ ወደ እህቴ ዞረው፣ ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ ስታገባ ሚዜዎቿን እንድትነዳላቸው ለመኗት። አጀቡን እሷ እንድትመራው! ታርጋዋን ሳትሸፍን!

እህቴ የመልሱን ግልባጭ ከሊብሬው ጋር መኪናዋ ኪስ ውስጥ አስቀምጣለች። ጓደኞቿን በጫነች ቁጥር ታወጣውና ታነብላቸዋለች። ልጆቹ «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» ይላሉ፤ የሚያዩት ግን እሷን ነው። ጻፍኩት እኔ፣ የምትሞገስበት እሷ። ሰው በገዛ ዓረፍተ ነገሩ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ከጤፉ ከረጢት ጎን ተቀምጬ ማንበብ ስትጀምር ሰማኋት። «ያላከበሩትን ሁሉ ዕዳ በእሷ ላይ ጻፋችሁ» እንዳለች ተጨናንቆ የቆመው መንገድ ስለተለቀቀ ወረቀቱን አስቀመጠችና መሪዋን በሁለት እጇ ያዘች። መጨረሻው ተንጠልጥሎ ቀረ። ያን ጊዜ እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ሳልቸኩል፣ «እሷም ሸፍና ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንን ትጠይቁ ነበር?» አልኩ።

ልጆቹ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ። እህቴም በመስታወቷ አየችኝ።