መደወል የተከለከለበት ቤት

እኔና መምህርቷ አንድ ቢሮ ስንጋራ ዓመታት አልፈዋል። ሁለታችንም ተግባቦት እናስተምራለን። ልዩነታችን እኔ አስተምሬ ወደ ቤቴ እገባለሁ፣ እሷ ግን ትመራመራለች። ተማሪዎቿ «ጆሮ» የሚል ቅጽል አውጥተውላታል፤ አልተሳሳቱም። ሻይ ልንጠጣ ተቀምጠን ከጎናችን ባልና ሚስት ማውራት ከጀመሩ እኔን ትረሳኛለች። ማን ማንን እንዳቋረጠ፣ ማን መሀል ላይ ስልኩን እንዳየ፣ ሁሉንም ትለቅማለች። «ኧረ ሰው ይታዘብሻል» ስላት «እኔም እየታዘብኩት ነው» ትለኛለች።

የመጨረሻው ጥናቷ ተራርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች በስልክ እንዴት እንደሚጠያየቁ የሚመረምር ነበር። ቤተሰቦቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹ እንደልባቸው እየደወሉ ይኖራሉ። ግማሾቹ ግን ጥናቱ እስኪያልቅ መደዋወል ክልክል ነው፤ የድምፅ መልእክት መላክም አይቻልም፤ እሷ በስልክ በከፈተችላቸው የጋራ ገጽ ላይ መጻፍ ብቻ። ድምፅ ሲጠፋ አብሮት ምን እንደሚጠፋ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ይህን ቅናቴን ውጬ እመሰክራለሁ።

ታዲያ ጥናቱ ሊጀመር ሲል መጻፍ ብቻ ከተፈቀደላቸው ወገን አንድ ቤተሰብ «ልጃችን ከምትናፍቀን ጥናታችሁ ይቅርብን» ብሎ ወጣ። ሌላ ቤተሰብ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። እሷም ኮሚቴውን አስፈቅዳ የራሷን ቤተሰብ አስገባች።

«ይሄ ነገር አላማረኝም» አልኳት።

«እናቴን አታውቃትም። ደንብ ከተባለች ደንብ ነው» አለችኝ፣ እየሳቀች።

ወላጆቿ የሚኖሩት በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ነው፤ ታላቅ ወንድሟም አብሯቸው ይኖራል። አባቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመናኸሪያ ማይክሮፎን ይዘው የአውቶቡሶችን መነሻ ሲያስታውቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ እያለች ለምሳ የሚጠሯትም በዚያው ድምፅ ነበር አሉ፤ እሷ ተጠርታ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደየቤቱ ይሮጣል። ይህን ስታወራ ድምፃቸውን አስመስላ ቢሮውን ታናጋዋለች። እኚህን ሰው ነው እንግዲህ መደወል የከለከለቻቸው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ እሷ ክፍል ውስጥ ስታስተምር፣ ከጌጥነት አልፎ የማያውቀው የቢሯችን የጠረጴዛ ስልክ ጮኸ።

«የመምህርቷ ወንድም ነኝ» አለ የደወለው ሰው። «አጠገብዎ ካለች ስልኩን እንዳይሰጧት።»

«የለችም። ግን ለምን?»

«መደወል ክልክል ነዋ። እርስዎ ጥናቱ ውስጥ የሉበትም ብዬ ነው።»

ልስቅ ስል ቀጠለ። «አባቴ ሆስፒታል ነው። ዛሬ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ጉሮሮው ላይ እባጭ ወጥቶ ነበር፤ ክፉው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ማንቁርቱን ያወጡታል። ይድናል ብለውናል። መናገር ግን ከእንግዲህ አይችልም።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። «እሷ ይህን አታውቅም?»

«እማዬ አስምላናለች። ልጄ የለፋችበትን በእኛ ምክንያት አናበላሽባትም፣ ከወጣ በኋላ ይጻፍላታል አለች። እኔ አልቻልኩም መምህር። ድምፁን ሳትሰማ ቢቀርስ? የኔ ስልክ ባትሪው አልቆ ነው፣ ይሄን የሰው ስልክ ለምኜ ነው የደወልኩት። እማዬ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ነች። ቶሎ ይንገሯት፣ ሊወስዱት እየተዘጋጁ ነው።» ዘጋው።

ደረጃውን ስወጣ ከዚያ በፊት ያሳየችኝ ነገር ትዝ አለኝ። እናቷ በገጹ ላይ «አባትሽን ጉሮሮው ይከረክረዋል» ብለው ጽፈው ነበር። እሷ «አይዞህ አባዬ» ብላ ልብ ላከች፤ ከዚያ መልእክቱን «ጤና፣ ቀላል» በሚለው ምድብ ሥር አስገባችው። እናቷ ፊደል በጣታቸው እየፈለጉ የሚጽፉ ሴት ናቸው፤ ከዚያ በላይ ምን ሊጽፉ ይችላሉ? ደውላ ቢሆን ኖሮ አባቷ ሄሎ ሲሉ ብቻ ይገባት ነበር። ተናደድኩባት። ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ።

ከክፍል ጠርቼ ሳስወጣት ቀልድ ይዤ የመጣሁ መስሏት ፈገግ ብላ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ነገርኳት። ሁለቴ አላስደገመችኝም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች።

ጠራ። ጠራና ተቋረጠ።

እንደገና ደወለች። አሁንም ተቋረጠ። ወዲያው ጽሑፍ መጣ። «ተሳስተሽ ነው የደወልሽው? ጥናቱ አላለቀም።»

«እማዬ ጥናቱን ተይው፣ አንሺ» ብላ ጻፈች። ፊደሎቹን እየደጋገመች ትስታለች። ደወለች። ተቋረጠ።

«ማነው የነገረሽ? ደህና ነው። ሥራሽን ሥሪ።»

«ጥናቱ አልቋል እማዬ። ዛሬ አለቀ።»

እናቷ እየጻፉ መሆናቸውን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ። ጠፋ። እንደገና ብቅ አለ። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ፤ እኛ ግድግዳ ተደግፈን ያችን ምልክት እናያለን። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ጽሑፍ ጠብቄ አላውቅም።

«አንድ መስመር ለመጻፍ የምትፈጀውን ጊዜ አታውቅም» አለችኝ በሹክሹክታ። «እሷ እየጻፈች ይወስዱታል። እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ጻፊ፣ አትደውዪ ብዬ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።»

ጽሑፉ ደረሰ። «ባለፈው ሳምንት ገና ነው አላልሽም? በእኛ ምክንያት እንዳታቋርጪው። አባትሽም አይፈልግም።»

ስልኩን ልትወረውረው ስትል ተቀበልኳት። በዚያው ቅጽበት እጄ ላይ ጮኸ። የእናቷ ቁጥር ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ በመካከላችን ያዝኩት።

«ሴትዮዋ አልሰጥም ብላኝ ነው» አለ አንድ ሰው። «ቀማኋት።»

የመናኸሪያው ድምፅ ይሄ ነው ብሎ ማን ያምናል? ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ወንበር ነበር የሚመስለው። እያንዳንዱ ቃል በትግል ነው የሚወጣው።

«አባዬ» አለች። ስለ ሰው ንግግር መጽሐፍ የምትጽፍ ሴት ዓይኔ እያየ ንግግር ጠፋባት። ከወዲያ የአልጋ ጎማ ይንጫጫል። አንድ ሰው «አባት፣ ስልኩን ይስጡና እንሂድ» ይላል። የእናቷ ልቅሶም ከሩቅ ይሰማል።

«ጥናቱ አለቀ?» አሉ አባቷ።

«አለቀ አባዬ።»

«ምን አገኘሽ?»

እኔ እንኳን ስንት መልስ ላቀብላት ተመኘሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ጉንጯ እየረጠበ፣ «ድምፅህ እንደናፈቀኝ» አለች። «ሌላ ምንም አላገኘሁም። ድምፅህ ናፍቆኛል።»

አጭር ትንፋሽ ሰማን። ሳል ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

«ለዚህ ነው እንዴ» አሉ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ የዘጋሽኝ?»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አላነሱም። የዚያኑ ዕለት አውቶቡስ ተሳፈረች፤ የቀረውን ክፍለ ጊዜ እኔ ሸፈንኩላት።

ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። አባቷ ዛሬ ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ከባለቤታቸው ጋር በእጅ ምልክት ይጨቃጨቃሉ፣ እንደሰማሁት ማሸነፍም ጀምረዋል። መምህርቷ የቤተሰቧን መረጃ ከጥናቱ አወጣችው። ጥናቱ ጥሩ ነው ተባለ፣ ተጨበጨበላት፤ እሷም አመስግና ተቀመጠች። አባቷ ጋ በየቀኑ ትደውላለች። እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ ሲደክማቸው በጽሑፍ «በይ ደህና ዋይ» ይላሉ።

ግን ያቺ የመጨረሻ ጥያቄያቸው አልለቀቀቻትም። ከእሷ ሌላ በስልኩ የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ በየጊዜው ታፋጥጠኛለች። «ስቆ ነው ወይስ አዝኖብኝ?» ትለኛለች። በደህና ድምፃቸው ቢሆን ኖሮ ልጅም አይስተውም ነበር። በዚያ በተሰባበረው ድምፅ ግን ቀልዱና ወቀሳው የሚለይበት ነገር ጠፍቷል።

«እሳቸውን ለምን አትጠይቂያቸውም?» አልኳት አንድ ቀን፣ ምርር ብሎኝ።

«ጠየቅኩት» አለችና ስልኳን አሳየችኝ። ረጅም አድርጋ ጽፋላቸዋለች። አባቷ የመለሱት አንድ የሚስቅ ፊት ነው። ያቺን የምትስቅ ፊት ሰዎች ሲከፋቸውና መናገር ሳይፈልጉም እንደሚልኳት አንድ ሙሉ ምዕራፍ የጻፈችው እሷው ነች።

«አንተ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ።

ፊቷን አየሁ። ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ የሰማሁትን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ።

«እየሳቁ ነው» አልኳት።

«ለመመለስ ዘገየህ» አለችኝ፤ ስልኳን ከእጄ ወስዳ ወደ ክፍሏ ሄደች።