አንድ ለወጣበት የማይራራው ዒምራን

ዒምራን መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። ጁምዓ ከሰዓት ግን ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ በቴሌግራም የድምፅ መስመር ሰው ያጫውታል። ጨዋታው ሥዕል የለው፣ ምን የለው፤ ወሬ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የፈለገውን ሰው ይሆናል፤ አንዱ ሲራራ ነጋዴ፣ አንዱ ሽፍታ። ዒምራን መንገዱን ይተርካል፣ ተጫዋቹ «እንዲህ ላድርግ» ይላል፣ ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለችው ዳይስ፣ ባለ ስድስት ገጿ የዕድል ጠጠር፣ ትጣላለች። ስትንከባለል ሁሉም ያያታል። ስድስት ከወጣ እሰየው፤ አንድ ከወጣ ያሰቡት አይሆንም፣ አለቀ።

አጫዋች ማለት እሱ ነው! ወሬማ ማን ያጣል? እሱ ግን ዝም ያለችውን አይረሳም። «ባሲማ፣ ወንዙ ሞልቷል፣ አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላል። ባሲማ የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ሳምንቱን ሙሉ አሳቧን የሚጠይቃት ሌላ ሰው የላትም።

ደረቅነቱ ደግሞ ለጉድ ነው። የገዛ እህቱ ፈርሂያ አንድ ወጥቶባት የጨዋታ ግመሏ ገደል ስትገባ አልቅሳ ብትለምነው፣ «ዛሬ ላንቺ ካደላሁ ነገ ማን ያምነኛል?» ብሎ እምቢ አለ። ወላሂ ድንጋይ ነው! የሚወዱትም ለዚሁ ነው።

በዚያ ሳምንት የባሲማ እናት እቴ መድና ሞቱ፣ አላህ ይርሐማቸው። ጀናዛውን ከተሸከሙት አንዱ ዒምራን ነበር። ከቀብር ሲመለሱ አጎቷ ሸህ ሙሐመድአሚን ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ስማ ልጄ፣ ለልጅቱ እንዳትተነፍስ። ሰው አገር፣ ብቻዋን፣ መርዶ አይነገርም። ለዒድ ስትመጣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ አቅፈን እንነግራታለን» አሉት።

«እሺ አባባ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ጁምዓ ሲደርስ ሊቀር አስቦ ነበር። ከቀረ ደግሞ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ገባ።

ባሲማ በጨዋታው ጨው ነጋዴ ናት። ያን ቀን ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። «ንግዱ በቃኝ፤ አገሬ ገብቼ የቤታችንን በር አንኳኳለሁ። እናቴ ትከፍትልኛለች?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ መንገዱን...» ሲል ዳይሷን ጣለቻት። ዳይሷ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ አንድ ላይ ቆመች።

ሕጉ ይታወቃል፤ በሩ አይከፈትም፣ እናትየው የለችም። በምን አፉ ይበላት? ያረቢ! የመቃብሩ አፈር ከጫማው ገና አልለቀቀም።

«በሩ ተከፈተ» አለ ዒምራን። «እናትሽ ሮጣ ወጣች። አቅፋ ሳመችሽ። ‹ልጄ፣ መጣሽልኝ? አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው› አለችሽ።»



«ዒምራንዬ» አለች ባሲማ፣ «የወጣው አንድ ነው እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«አንተ ማንንም አትምርም። እህትህን እንኳ አልማርካትም።»

 ይዋሽ? አንዴ ዋሽቶ አየው፤ ውሸቱም አልሆነለትም።

«እናቴ መቼ ሞተች?» አለችው።

«ሰኞ» አለ፣ እያለቀሰ።

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ጠበቀ። የተሰማው ግን በዓረብኛ የምትጣራ የአሠሪዋ ድምፅ ነበር። ባሲማ ጉሮሮዋን ጠረገችና ምንም እንዳልሆነ ሰው «መጣሁ እመቤቴ» ብላ መለሰችላት፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሸህ ሙሐመድአሚን የፈሩት ይህንኑ ነበር፤ የሚያቅፋት ሰው አልነበረም።