ፎርማጆ ያለበት ዱባ

ከቆላ ድባ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ የበላሁት ራት ዱባ ነበር፤ አመድ ውስጥ ተቀብሮ የበሰለ፣ ከጨው በቀር ምንም ያልነካው። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሕፈቴን ቻሉኝ። የደብራችን የድጓ መምህር የኔታም አርፈዋል፤ አሁን ብጽፈው አያዝኑም።

ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ ቤቱ ጭር አለብኝ፤ እግሬም ድሮውንም መዞር ይወዳል። ጎህ ሲቀድ ወደ ጎርጎራ ወረድሁ። ጀልባው ዘንድ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ሰውዬ፣

«እማማ፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«ባሕር ዳር ልጄን ላያት።»

«እስከ መቼ?»

«እስክጠግባት።»

«እሱ ቅጹ ላይ የለም። ሁለት ሳምንት ብያለሁ፤ ቶሎ ይጥገቡ።»

ጀልባዋ ደልጊ፣ ቁንዝላ እያለች ባሕር ዳር አደረሰችን። ልጄ አስናቀች አልለቅሽም አለች፤ እኔም ወደዚያ ባዶ ቤት መመለሱ ጨነቀኝ። ግን የቀበሌው ሊቀመንበር በቤተሰቡ ቅጽ ካላስገባኝ ተመላሽ ነኝ። ስለዚህ ራት ጠራችው። በሁዳዴ ዓርብ! እሱም ከወረዳ አንድ ካድሬ ይዞ እንደሚመጣ አስነገረ።

«እማዬ፣ ዱባ በፎርኖ ሥሪልን፤ ቀላል ነው» አለችኝ።

ቀላልስ ቀላል ነው። ዱባውን በቀጭኑ ቆርጦ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ማሸት፣ ትሪ ላይ መደርደር፤ ከሥር ፍም፣ ከክዳኑም በላይ ፍም። ዳሩ ጠየም ሲል ይወጣል። ዘይቱ ግን የቀበሌ ነው፤ በምን ጀሪካን እንደመጣ እንጃ፣ ላምባ ላምባ ይላል። የደንቢያ ኑግ ትዝ ብሎኝ አፍንጫዬን ያዝሁ። ይባስ ብላ አንድ ቢጫ ነገር ሰጠችኝ፤ የፈረንጅ አይብ ነው፣ ፎርማጆ ይሉታል። ሦስት ቀን ጫማውን ያላወለቀ ወታደር ይሸታል።

«ይኼን ቆራርጠሽ ጣይበት።»

«በዓርብ? ምን ነካሽ?»

«ካድሬ ፊት የጾም አቅርቤ ልታሰር?»

እንግዶቹ ሲገቡ ሊቀመንበሩን በር ላይ አወቅሁት። የየኔታ ልጅ! እሱም አወቀኝ። ሰላም ሊለኝ ማድ ቤት ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ፎርማጆ ያልነካው ይኖራል?» አለኝ። አንጀቴን በላው። የትሪውን ግማሽ እንዳለ ተውሁለት።

እኛ አገር እንግዳ የሚጾም ከሆነ፣ አፍ አውጥቶ እንዳይጠይቅ የቤቱ እመቤት ታመለክተዋለች። ልማዴ አሳሳተኝ። ትሪውን አስቀምጬ፣

«ልጄ፣ ያንተ በዚህ በኩል ያለው ነው፤ ፎርማጆ አልነካውም» አልሁ።

ካድሬው ሳቀ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ትጾማለህ እንዴ?»

«እኔ? የአሮጊት ወሬ ትሰማለህ?»

ሊቀመንበሩ ከወዲያኛው፣ ፎርማጆ ካለበት በኩል ትልቁን አነሣ። ፎርማጆው እንደ ንፍጥ ተጎትቶ ጢሙ ላይ ተንጠለጠለ። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ዋጠው።

«ድገም እንጂ!» አለው ካድሬው።

ደገመ።

በማግሥቱ ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አንሥቶ ወረቀቴ ላይ ሳያሳርፈው ቆየ።

«እናቴ፣ ከአባቴ ጋር በስልክ ይገናኛሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

«ስለኔ ምን ይሏቸዋል?»

«መስማት የሚወዱትን» አልሁ። ማኅተሙ ወረደ።

ለፋሲካ ቆላ ድባ እህቴ ዘንድ ስደውል የኔታ ቴሌ ቤት አብረዋት መጥተው ኖሯል። ቀፎውን ተቀብለው፣

«ልጄን አየሽው? ጾሙን ይጾማል?» አሉኝ።

«በገዛ እጄ የጾም ሠርቼ አቀረብሁለት፣ የኔታ።»

አንዲት ቃል ሐሰት የለባትም። ተመስገን ብለው አለቀሱ። «አንቺስ መቼ ትመጫለሽ?» አሉኝ። በምን ፊቴ? መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁ።

ያን ፎርማጆ አንድም ቀን አልቀመስሁትም። ስልኩን ሳስቀምጥ ግን ጣዕሙ አፌን ሞልቶት ነበር።