ለጯሂ የተሠራ ማይክ

አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ባለቤቱ ጋሽ ከድር የጌም ሄድሴት ሳጥን አስጨበጡኝና «ምን ይላል?» አሉኝ። «ጥርት ያለ ማይክ ይላል» አልኳቸው።

«እሱ ነው ያለው፤ እኔ አላልኩም። ሳጥንን እንዳታምኚ፣ ደንበኛንም እንዳታምኚ።» ጋሽ ከድር ሰላም ያላቸውን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» የሚሉ ሰው ነበሩ። አመላቸው ተጋባብኝና እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እኛ ሱቅ ሄድሴት የሚፈተነው በአንድ መንገድ ነበር። ገዢው ጆሮው ላይ ይደፋል፣ ዘፈን እንከፍትለታለን፣ ከዚያ «ሀሎ! ሀሎ!» ብሎ ማይኩ ላይ ይጮኻል። ውጭ የጢቾና የሁሩታ መኪና ረዳቶች ስለሚጣሩ ከነሱ በላይ መጮህ ግድ ነው። የሄድሴቱ መብራት ቀይ ሰማያዊ ካለማ በቃ፣ ተሸጠ።

አንድ ቀን ሰዓዳ የምትባል የጢቾ ልጅ መጣች። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች መጽሐፍ እያነበበች ለመቅዳት አዲስ አበባ ያለ ስቱዲዮ አመልክታ፣ የላከችውን ናሙና መልሰውባታል። «የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ትውጫለሽ አሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ፣ ካልሆነ ይቅር ብለውኛል።» የቀዳችበትን የወንድሟን የጌም ሄድሴት በፌስታል ይዛለች። «ቤት የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ ምናልባት ምላሴ ይሆናል» ብላ አንገቷን ደፋች። አንጀቴን በላችው።

ጋሽ ከድር ጠጋ ብለው «ይቺ ከኛ አዲስ ሄድሴት ወስዳ፣ ቀድታበት ልትመልስ ነው። ለሰርግ ስፒከር ወስደው በማግስቱ አልተስማማኝም እንደሚሉት» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት ያመጣችውን ሄድሴት ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼ «እስቲ ሀሎ በይ» አልኳት። ጮኸች፤ ጥርት ብሎ ተቀዳ።

«ይኸው! ዕቃው ደህና ነው» አሉ ጋሽ ከድር።

አልተዋጠልኝም። በሩን ዘግቼ መጽሐፏን አስነበብኳት፤ ጎን ለጎን በስልኬም ቀዳኋት። ስታነብ መጨረሻው ላይ ድምጿ ዝቅ ይላል። ትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም እንደሷው ነኝ። ስልኬ ሁሉንም ይዞታል። ሄድሴቱ ግን «እናትየው ልጇን ወደ ትምህርት ቤት…» ይልና ጭጭ። ላከችው? ወሰደችው? ወይስ አልልክም አለች? ማን ይወቅ! እየጮኸ ለሚጫወት ሰው የተሠራ ማይክ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ሲል የኮምፒውተር ማራገቢያ ድምፅ መስሎት ይዘጋል።

«እኔ አይደለሁማ!» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የሱቁን ሄድሴቶች አንድ በአንድ እያወረድን በዚያው ለስላሳ ድምጿ አነበበችባቸው። ባለመብራቶቹ አብዛኞቹ ወደቁ። ፈተናውን ያለፈው አቧራ የጠጣ፣ ማይኩ የሚታጠፍ ባለሽቦ ነበር። ትንፋሽ እንዳይመታው ማይኩን ከአፏ ፊት ወደ ጉንጯ አዞርኩላት። «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም፣ ሰምተሻል?» አሏት ጋሽ ከድር ሂሳቡን ሲቀበሏት። «እሺ ጋሼ» አለች፤ ሲደግሙባትም «እሺ» አለች።

ከጊዜ በኋላ ፌስታል አንጠልጥላ ስትመጣ ጋሽ ከድር ከሩቅ አይተዋት «ልትመልሰው ነው አላልኩሽም?» አሉኝ። እኔም ጠረጠርኳት፤ ምን እዋሻለሁ!

ከፌስታሉ ያወጣችው የወንድሟን ሄድሴት ነበር። «ለማሳያ አስቀምጡት፤ ሌላ ሰው እንደኔ በራሱ እንዳይፈርድ። እኔን ስቱዲዮው ተቀብሎኛል!» አለችና ያንኑ የእናትየውን ታሪክ እንደገና የቀዳችውን በስልኳ ከፈተችልን። ጋሽ ከድር ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ለካ ልካዋለች» አሉ።

የመቅጃ ማይክ ስትገዙ በጩኸት አትፈትኑት። በምትሠሩበት ድምፅ አንብቡበት፣ የተቀዳውንም እስከ መጨረሻው ቃል ስሙት።